ጥያቄ ስል ዝም ያለኝ ሰው በር ላይ ከበበኝ

የዛሬ ወር ገደማ እዚህ መድረክ ላይ አንድ ጥያቄ ጥዬ ተኛሁ። የኛ ሰው ስብሰባ ላይ ለምን አይጠይቅም? ከሥሩ ታሪኩንም ጽፌ ነበር፤ ላልደረሳችሁ ልድገመው።

ሥራዬ የጤና ትምህርት መስጠት ነው። አንድ የሰፈር እድር ስለ ደም ግፊት እንድናገር ጠራኝ። ፕሮጀክተሬን ተሸክሜ ሄድኩ። አርባ ደቂቃ ሙሉ ለፈለፍኩ። ግፊት ምንም ምልክት ሳያሳይ ዓመታት ሊቆይ እንደሚችል፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው እንደሚመክር፣ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ እንደማይሞላ፣ ሁሉንም በሥዕል አሳየሁ። ሲያልቅ "ጥያቄ ያለው?" አልኩ። ዝም። "ምንም ጥያቄ የለም?" ዝም። ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው አመሰገኑኝና ወደ ቀጣዩ አጀንዳ አለፉ። የድንኳን ግዢ።

ገመዴን ጠቅልዬ ስወጣ በር ላይ ስድስት ሰው ከበበኝ። አንዷ ክኒኑን የማቋርጠው መቼ ነው ትላለች፣ ሌላዋ የግራ እጅና የቀኝ እጅ ልኬት ለምን ይለያያል ትላለች። አንዲት እናት ደግሞ እጄን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዱኝ። ወጥ የሚሠራው በአንድ ድስት ነው፣ የሚበላው ስምንት ሰው ነው፣ ታዲያ የአንዱን ሰው ማንኪያ በምን ልለካው አሉኝ። አፌን ያዝኩ። በዚያ ሁሉ ሥዕል ውስጥ ድስት አልነበረም።

ተናድጄ ነው የለጠፍኩት። እዚያው ውስጥ ቢጠይቁኝ ሁሉም ይሰማ አልነበር? አፋርነት ነው፣ ባህል ነው፣ ዝም አይነቅዝም እየተባልን ያደግን ሰዎች ነን ብዬ ደመደምኩ። ከዚያ የመጣውን በቁጥሩ ልተርክላችሁ። የሰው ጽሑፍ ገልብጦ መለጠፍ ስለማልወድ በራሴ አፍ ነው።

1. የመጀመሪያው መላሽ ጨዋ ሰው ነው፣ ሰላምታው ብቻ ሦስት መስመር ነው። ፊት የተናገረን ሰው ይጠላዋል፣ ፊት የበቀለን ወፍ ይበላዋል የሚለውን ተረት አስታወሰን። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ቀድሞ እጁን የሚያወጣ ሰው ወይ መታየት የፈለገ ወይ አለቃውን የጠላ ተደርጎ እንደሚቆጠር ጻፈ። መፍትሔ ያለው ጥያቄን በወረቀት ማስጻፍ ነው። ስም የለ፣ ፊት የለ።

2. ሁለተኛው ባጭሩ ተስማማ። ሥልጠና ላይ ሰው የሚጠብቀው አበሉንና የሻይ ሰዓቱን ስለሆነ ጠያቂ ማለት ሻዩን የሚያዘገይ ሰው ነው ባይ ነው። ሳቅኩ። እድር ላይ አበል እንደሌለ ግን ረስቷል።

3. ሦስተኛዋ ከሐዋሳ የጻፈች መምህርት ናት። ነገሩ ወደ እኔ መዞር የጀመረው እዚህ ላይ ነው። መምህር "ገባችሁ?" ሲል ክፍሉ ባንድ ድምፅ "አዎ!" እንደሚል፣ ያ አዎ ግን ባዶ እንደሆነ፣ የኔ "ጥያቄ ያለው?" ደግሞ የ"ገባችሁ?" ታላቅ ወንድም እንደሆነ አስረዳች። ሰው ያን ሲሰማ ንግግሩ አለቀ ማለት ነው ብሎ ጫማውን ይፈልጋል። ቀጥላ ሜሪ በድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1970ዎቹ ያሳየችውን አመጣች። መምህራን ጠይቀው መልስ የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ነበር። ወደ ሦስት ሰከንድ ሲያራዝሙት የተማሪው መልስ ይረዝማል፣ ዝም ይሉ የነበሩትም አፋቸውን ይከፍታሉ። በመጨረሻ እኔ ስንት ሰከንድ እንደጠበቅኩ ጠየቀችኝ፣ በትሕትና።

4. እኔ ነኝ። ሁለት ብዬ መለስኩ። ሁለትም ሳይበዛ አይቀርም።

5. አምስተኛው ሰላምታም የለው። ሰው ለድንኳን ጉዳይ ተሰብስቦ ሳለ አርባ ደቂቃውን ብቻዬን በልቼ፣ መጨረሻ ላይ ሁለት ሰከንድ ጣል አድርጌ ሕዝቡን አፋር ማለቴ ድፍረት እንደሆነ ነገረኝ። ስፈልግ የነበረው ጥያቄ ሳይሆን ጭብጨባ መሆኑንም ጨመረልኝ። አንተ እያለ ነው የጻፈው፤ ያውም ወንድሜ የሌለበት አንተ።

6. ስድስተኛዋ በዕድሜ ገፋ ያሉ ይመስላሉ። ልጁ ለመማር ጠየቀ እንጂ ማንንም አልሰደበም ብለው አምስተኛውን ገሠጹልኝ። እግዜር ይስጥልኝ እማማ።

7. ሰባተኛው ረጅም ጽፈዋል። ባህላችን ዝምታ ነው መባሉ አንገብግቧቸዋል። በላ ልበልሃ የሚል ሕዝብ እንዴት መጠየቅ አይችልም ይባላል ነው ነገራቸው። በድሮው ችሎት ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላቸው ተቆራኝተው ዛፍ ሥር ይቆማሉ። አንዱ ተጠየቅ ካለ ሌላው ከመመለስ በቀር መውጫ የለውም። ሙግቱ በግጥም ነው፣ በምሳሌ ነው፣ በከዘራ ውዝዋዜ ነው፤ መንገደኛው ሳይቀር ሥራውን ትቶ ይሰማል። አያታቸው እንዲህ ሲሟገቱ ልጅ ሆነው አይተዋል።

8. ስምንተኛው ሕግ የተማረ መሰለኝ። ቀዝቀዝ ብሎ አረማቸው። በላ ልበልሃ የመርታት ጨዋታ ነው፣ ተሟጋች ተቃራኒው እንዲናገርለት ሳይሆን እንዲረታለት ነው የሚጠይቀው። ለኔ የሚሆነኝ ሌላው የችሎት ወግ እንደሆነ ጻፈ። በቀድሞው ችሎት አስተያየት መስጠት የሚጀምረው ከታች ካለው ነበር፤ ትልቁ የሚናገረው በመጨረሻ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፣ ትልቁ ቀድሞ ከተናገረ ትንሹ ምን ቆርጦት ይቃወመዋል። ይህን ሳነብ የእድሩ ሰብሳቢ ትዝ አሉኝ። ገና ስገባ፣ ልጃችን የሚለንን ሁሉ እንቀበላለን ብለው ነው ያስተዋወቁኝ። በቅንነት። ግን እሳቸው እቀበላለሁ ካሉ በኋላ ማን እጁን ያወጣል?

9. ሰባተኛው ተመልሰው ከታች ወደ ላይ የሚለውን ከአባታቸው መስማታቸውን አመኑ። ሙግትም ንግግር ነው ያሉትን ግን አልለቀቁም። ደስ የሚሉ ሰው ናቸው።

10. ያቤሎ ያደገ ሰው የቦረናን ጉሚ ጋዮ አነሣ። በየስምንት ዓመቱ የሚጠራ ትልቅ ጉባኤ ነው፣ ሕግ የሚታየውና የሚሻሻለው እዚያ ነው። ድምፅ ተቆጥሮ አይወሰንም፣ እስኪስማሙ ድረስ ይነጋገራሉ። ቀናት ይፈጃል። የገዳ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2016 በዩኔስኮ መመዝገቡንም አልዘነጋም። ነጥቡ ግን ይህ ነበር፦ እዚያ የሚሄድ ሰው ጊዜ ይዞ ነው የሚሄደው፤ አምስት ደቂቃ ሰጥተህ ግልጽ ውይይት መጠየቅ እንቁላል አስቀምጦ ወዲያው ጫጩት እንደመጠበቅ ነው።

11. አንዲት ሴት አንድ ቃል ብቻ ጻፈች። ሴቶቹስ? አሥረኛው ሳይሸሽ መለሰ፣ ጉባኤው በአብዛኛው የወንዶች ነው አለ። እሷ ግን የፈለገችው ቦረናን አልነበረም፣ ወደ እኔ ዞረች። በር ላይ ከከበቡኝ ስድስት ሰዎች ስንቱ ሴት እንደነበሩ ጠየቀችኝ። ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። አምስት። ውስጥ የት ነበር የተቀመጡት አለችኝ። ኋላ፣ በሩ አጠገብ፣ ግማሾቹ ሻይ እያቀረቡ። ማይኩስ? ማይኩ ሰብሳቢው ጠረጴዛ ላይ ነበር። ሌላ ምንም አልጨመረችም። መጨመርም አላስፈለጋትም።

እኔ በበኩሌ የውይይቱ ክር እዚህ ቢቆም ይበቃኝ ነበር። አልቆመም።

ከ12 እስከ 15። ጨው። አንዱ የገበያ በርበሬና ሽሮ ገና ሲዘጋጅ ጨው ስለሚገባበት ማንኪያ መቁጠር ከንቱ ልፋት ነው አለ። ሌላዋ እሷ ቤት በርበሬ ሲደለዝ ጨው እንደማይገባ ማለች። ሦስተኛዋ፣ ጨው የሌለው በርበሬ ይነቅዛል ብላ ተነሣች፣ ተያያዙ። አሥራ አምስተኛው ነርስ ነው፣ ለእናቲቱ የሚሆን መልስ ሰጠኝ። የአንድን ሰው ድርሻ ከመለካት ይልቅ የድስቱን በሙሉ መቀነስ ይሻላል፣ ያነሰው ሰው ገበታ ላይ ይጨምር። ቤተሰቡ በሙሉ ይጠቀማል። ወዲያው ግን በርበሬዋን ያለ ጨው የምትደልዘው ሴት፣ አልጫ ሠራሽ ተብሎ የሚወረፈው ማን እንደሆነ ታውቃለህ ወይ ብላ አፋጠጠችው። ነርሱ ጠፋ።

16. ከሜሪላንድ የጻፈ ወንድም ሊንከንና ዳግላስ ለፕሬዝዳንትነት ሲከራከሩ ሕዝቡ ለሰዓታት ቆሞ ይሰማ ነበር፣ የኛ ሰው ግን አርባ ደቂቃ አይታገሥም አለ።

17. ወዲያው ታረመ። ክርክሩ እ.ኤ.አ. በ1858 ነው፣ የኢሊኖይ የሴኔት መቀመጫ ነበር የተፈለገው፣ ሰባት ጊዜ ተገናኙ፣ መቀመጫውንም ዳግላስ ነው ያቆየው። የመጀመሪያው ተናጋሪ 60 ደቂቃ፣ ሁለተኛው 90፣ ከዚያ የመጀመሪያው 30 ይመለስለታል። ሕዝቡም ዝም ብሎ አልቆመም፣ እየጮኸና እየሳቀ እያቋረጠ ነው የሰማው። ይህ የመጨረሻው ገባኝ። ሰው አርባ ደቂቃ የሚታገሠው እንዲያቋርጥ ከተፈቀደለት ነው ማለት ነው።

18. ሊንከን እድር አልነበረውም ብሎ አንዱ ቀለደ።

19. ለንደን የሚኖር ሰው በሃይድ ፓርክ ጥግ እሁድ እሁድ ሣጥን ላይ ቆመው የሚናገሩትን አነሣ። አዋኪ የሌለው ተናጋሪ እዚያ ሰሚ የለውም፣ ሰው የሚሰበሰበው ጭቅጭቁን ሊሰማ ነው። ደስ ይላል፣ ለደም ግፊት ግን እንጃ።

20. ይህቺን ወደድኳት። ከባሕር ዳር ናት፣ አዝማሪ ቤት አጠገብ ነው ያደገችው። አዝማሪ ዘፍኖ ዘፍኖ ሲጨርስ ግጥም ያለው አለ ወይ ብሎ አይጠይቅም ብላ ጀመረች። ገና ሰው ሲገባ ስሙን ይጠይቃል፣ ስለ ካፖርቱ አንድ ነገር ጣል ያደርጋል፣ ቤቱ ይስቃል። ከዚያ አንዱ ሞቅ ብሎት ተቀበል ይላል፣ ስንኙን ይወረውራል። አዝማሪው ያቺኑ ስንኝ በማሲንቆ ለቤቱ ሁሉ ይመልሳታል። እዚህ ላይ ነው ብልሃቱ። ስንኙ የእንግዳው ነው፣ የሚጮኸው ግን የአዝማሪው አፍ ነው። ድምፁ የሚያፍር፣ አማርኛው የሚኮላተፍ፣ ጥግ የተቀመጠ ሁሉ ይሰማለታል። እንግዲህ እናቲቱ ኋላ ሆነው ቀስ ብለው ቢጠይቁህ ጥያቄያቸውን ጮክ ብለህ ለቤቱ መድገም የአንተ ሥራ ነበር አለችኝ። አሥር ዓመት ስናገር ይህን የነገረኝ ሰው የለም።

21. ሥራው አወያይነት የሆነ ሰው ያለ ማንም ግፊት ተናዘዘ። ጥያቄዎችን ሦስት ሦስት እየሰበሰቡ መመለስ ለጊዜ ቁጠባ ይባላል፣ እሱ ግን አስቸጋሪዋን ለማምለጥ ይጠቀምበታል። ሁለቱን ቀላል በሰፊው ይመልሳል፣ ሦስተኛዋ ጊዜ ያልቅባታል። ጠያቂዋም ዕድሉን ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ ብላ ስለተቀመጠች እንደገና ለመነሣት ታፍራለች። በዚያው ላይ ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው ብሎ ተነሥቶ ሩብ ሰዓት የሚወስደውን ሰውዬ አማ። ሁላችንም እናውቀዋለን። የማያውቀው ካለ እሱ ራሱ ነው።

22. ሃያ ሁለተኛው ደሙ ፈላ። በሰው ገንዘብ አዳራሽ ተከራይታችሁ፣ ባነር ሰቅላችሁ፣ ፎቶ ተነሥታችሁ፣ ሪፖርቱ ላይ ሰፊ ውይይት ተደረገ የምትሉት እናንተ ናችሁ ወይ ብሎ ወረደበት። ቃሉ ከዚህም ይከፋ ነበር፣ ግማሹን ትቼዋለሁ። አወያዩ አልተከላከለም። አዎ እኛ ነን ብሎ አለፈ።

23. አንዷ፣ ጥያቄውን ለአዳራሹ ከመጣል በፊት ሰው ከጎኑ ካለው ጋር ሁለት ደቂቃ እንዲያወራ ማድረግን ጠቆመች። ክፍል ውስጥ የታወቀ ዘዴ ነው። ጥያቄው ያኔ የአንድ ሰው ሳይሆን የሁለት ይሆናል።

24 እና 25። ወዲያው አንድ ለአምስት ሊያደራጁን ነው የሚል መጣ። ከዚያ የ1997ቱ የምርጫ ክርክር ተነሣ፤ በቴሌቪዥን በቀጥታ የተላለፈውን ሁሉም ያስታውሳል፣ ሁሉም በየራሱ ያስታውሳል። ሦስት ሰው ሲሰዳደብ የመድረኩ አስተባባሪ ገብቶ ግማሹን አጠፋው። ስለ ግልጽ ውይይት በተከፈተ ክር ላይ ጽሑፍ መጥፋቱን አንዳንዱ እንደ ቀልድ፣ አንዳንዱ እንደ ማስረጃ ወሰደው።

26. አምስተኛው፣ ያ ሰላምታ የሌለው፣ ተመለሰ። አሁን ወንድሜ አለኝ። የታክሲ ማኅበር ሊቀመንበር ነበር። በመጀመሪያው ስብሰባው ላይ አንድ ሾፌር ተነሥቶ የመዋጮው ገንዘብ የት እንደገባ ጠየቀ። ገንዘቡ ደህና ነበር፣ ደረሰኙም ኪሱ ውስጥ ነበር። እሱ ግን ሌባ የተባለ መሰለውና ሰውዬውን በተሰብሳቢው ፊት አዋረደው። ከዚያ ሁለት ዓመት ማንም አልጠየቀም። ስብሰባው ሁሉ ሰላም ነበር፣ ሁሉም እጅ እያወጣ ያጸድቃል። በሦስተኛው ዓመት በአንድ ቀን አወረዱት። ጠያቂዎቹ ሁለቱን ዓመት ሙሉ ጫት ቤት ሲጠያየቁ ነበር ለካ። ሰው መጠየቅ የሚፈራው በተፈጥሮው ሳይሆን መጨረሻ የጠየቀው ሰው ምን እንደደረሰበት ስለሚያስታውስ ነው ብሎ ጻፈልኝ፣ የአንተ እድርም የሚያስታውሰው አንድ ነገር ይኖራል።

27. እኔ። መልሱን አንብቤ ስልኬን አስቀመጥኩ። እኔ ማንንም አላዋረድኩም ብዬ ልጽፍ ነበር። ከዚያ ትዝ አለኝ። ገና አሥረኛው ደቂቃ ላይ ግድም፣ ኋላ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አውጥተው ነበር። እኔ ደግሞ ፈገግ ብዬ፣ በጣም በአክብሮት፣ ጥያቄ በመጨረሻ እቀበላለሁ አባቴ አልኳቸው። እጃቸውን ቀስ ብለው ጋቢያቸው ውስጥ መለሱ። ሰዉ ሁሉ ዞሮ አይቷቸዋል። ያን ጽፌ ለጠፍኩ። ስድስተኛዋ እማማ ብቻ አይዞህ አሉኝ፣ ሌላው ዝም አለ።

28. ይህ የዛሬው ነው። ትናንት እሁድ ተመልሼ ሄድኩ። ሰብሳቢውን አስቀድሜ ለምኛቸው ነበር፦ ሩብ ሰዓት ብቻ፣ ማስተዋወቁ ይቅር፣ እርስዎ መጨረሻ ይናገሩ። ግር እንዳላቸው እሺ አሉኝ። ፕሮጀክተር አልያዝኩም፣ ከእህቴ ቤት ትልቁን ድስትና አንድ ከረጢት ጨው ይዤ ነው የሄድኩት። ፊት ለፊት አልቆምኩም፣ በሩ አጠገብ ሄጄ ቆምኩ። ወገቡን አዙሮ ወደ ኋላ ማየት ነበረበት የፊተኛው ሰው።

ድስቱን መሬት አስቀምጬ፣ ይህ የስምንት ሰው ቢሆን ስንት ጨው ትጨምራላችሁ አልኩ። ከዚያ መቁጠር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አራት ላይ ላቤ መጣ። ሰባት ላይ አንድ ሕፃን አለቀሰ። ዘጠኝ ላይ ያው ሽማግሌ እጃቸውን አወጡ። ልቤ ዘለለ። ያለፈውን ልጠይቅህ ወይስ የዛሬውን አሉኝ። ያለፈውን አልኩ።

ያለፈው ጥያቄ አልነበረም። ኋላ ላለነው ሥዕሉ አይታይም፣ መጋረጃውን ዝጋው ሊሉኝ ነበር።

ጮክ ብዬ ለቤቱ ደገምኩት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አርባ ደቂቃ ሙሉ ባዶ ግድግዳ ሲያዩ ነበር የቆዩት፣ አንድም ሰው አልነገረኝም፣ በመጨረሻ እቀበላለሁ ብያለኋ። ከዚያ አንዷ ተነሥታ ጨዉን በእጇ ዘግና ድስቱ ውስጥ ጣለች፣ ሌላዋ በዛ ብላ ግማሹን መለሰች፣ ያቺ እናት አንቺ እኮ ሽሮሽ ጨው አለው ብላ ገባችባት፣ ወንዶቹ ወንበራቸውን አዞሩ። ሩብ ሰዓቱ አንድ ሰዓት ተኩል ሆነ። ሰብሳቢው መጨረሻ ላይ የተናገሩት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፣ የድንኳኑ ግዢ ለሚቀጥለው ወር ተላልፏል።